ክብ፤ የአንድ ቃል ዙሪያ ገባ

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ቃል ትርጉም ነው። ጎፋ ውስጥ ጥቂት ወዳጆች በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተገናኘን ካነበብነው የምንቃመስባት ትንሽ የንባብ ክበብ አለችን። ከዕለታት በአንዱ ተራው የእኔ ሆነና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለስኩትን አጭር ልቦለድ ይዤ ቀረብኩ። በልቦለዱ ውስጥ አንድ የገጠር ዳኛ አሉ፤ ደራሲው «ሮተንድ» በሚል ቅጽል ይገልጻቸዋል። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤ ከተደረደሩት ፍቺዎች አንዷን መረጥኩና ሳልጠራጠር «ክቡ ዳኛ ከወንበራቸው ተነሡ» ብዬ ጻፍኩ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ቤቱ በሳቅ አውካካ። አንዱ ወዳጃችን «ክቡር ለማለት ፈልገህ ነው ወይስ ዳኛውን በኮምፓስ ነው የሣልካቸው?» አለኝ። ሌላው ደግሞ ክቡ ዳኛ ከወንበራቸው ሲነሡ ቁልቁል ቢንከባለሉ ማን ይይዛቸው እንደነበር ጠየቀ። በመጨረሻ ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ያስተማሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «አንተ ልጅ፣ አማርኛ ሰውን ክብ አይለውም፤ ክብ የሚሠራው ሰው ነው» አሉ።

ሳቁን በዚያው ረሳሁት፤ የጋሼን አነጋገር ግን ልረሳው አልቻልኩም። ለመሆኑ «ክብ» ማለት ምን ማለት ነው? የቅርጽ ስም ነው ወይስ የሥራ? ከየት መጣ? በምን በምንስ ላይ ውሎ እኛ ዘንድ ደረሰ? እነሆ ከዚያ ዕለት ወዲህ የለቃቀምኩትን ለውድ አንባብያን ላካፍል።

በመጀመሪያ ያሳሳተኝን ቃል ልመርምር። «ሮተንድ» ከላቲን «ሮቱንዱስ» የመጣ ነው፤ እርሱም «ሮታ» ከሚለው፣ መንኰራኵር ማለት ከሆነው ቃል ይወለዳል። ተራው የእንግሊዝኛ «ራውንድ» የዚሁ ቃል ወንድም ነው፤ እርሱ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ሲገባ «ሮተንድ» ከላቲኑ ብዙም ሳይርቅ ቀረ። እንግሊዞች ሁለት ወንድማማች ቃላት እጃቸው ሲገቡ ሥራ አከፋፈሏቸው። «ራውንድ» ለኳሱም ለጨረቃውም ለጠረጴዛውም ሆነ። «ሮተንድ» ግን በተለይ ሞላ ላለ፣ ሆዱ ቀደም ላለ ሰው ዋለ፤ ስድብ ሳይሆን ፈገግ የሚያሰኝ ጨዋ አጠራር ነው። እንዲሁም ለድምፅና ለአነጋገር ይሆናል፤ አፍን ሞልቶ የሚወጣ፣ የሚያስተጋባ ንግግር በዚሁ ቅጽል ይጠራል። የዚህም ሥሩ ሩቅ ነው፤ ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስ ስለ ግጥም ጥበብ በጻፈው መልእክት የግሪኮችን የአነጋገር ውበት ሲያደንቅ ክብ አፍ ተሰጣቸው የሚል ሐሳብ አስፍሯል፤ ከዚያም «ኦሮተንድ» የሚል ሌላ የእንግሊዝኛ ቃል ተበጀ። በ2ኛው ምዕተ ዓመት በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን ሮም ውስጥ ያለቀውና ጉልላቱ 43 ሜትር ያህል የሚሰፋው ፓንቴዮንም «ሮቱንዳ» በሚል ስም ሲጠራ ኖሯል።

ሆድ፣ ድምፅ፣ ጉልላት፤ ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? ሦስቱም ከውስጥ ወደ ውጭ የተገፉ፣ የሞሉ ነገሮች መሆናቸው ነው። በዚያ ቋንቋ ክብነት ሙላት ነው። አንድ ነገር ለብቻው ሊሞላ፣ ለብቻው ክብ ሊሆን ይችላል።

ወደ አማርኛው ስንመለስ መንገዱ ይለያል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተጀመረ፣ በአለቃ ኪዳነ ወልድ የሰፋ፣ በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ እጅ ለኅትመት የበቃ፣ የሦስት ትውልድ ድካም ነው። አለቃ ደስታም በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። በእነዚህ ሊቃውንት ትምህርት አንድ ቃል ሲፈለግ መጀመሪያ የሚፈለገው ግሱ ነው፤ ስሙና ቅጽሉ ከግሱ ሥር እንደ ልጆች ይደረደራሉ። የ«ክብ» አባት «ከበበ» ነው። ከ-በ-በ፤ በዙሪያ ቆመ፣ በሁሉም አቅጣጫ ያዘ፣ መሐል አደረገ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። በአማርኛ «ክብ» ከመሆኑ በፊት መክበብ አለ። ቅርጹ የሥራው አሻራ ነው። ልጆች ተረት ነጋሪዋን ይከባሉ፤ ሕዝብ አዝማሪውን ይከባል፤ ንቦች አውራቸውን ይከባሉ። ከዚያ በኋላ ነው ዓይን መሬቱ ላይ የቀረውን መስመር አይቶ «ክብ» የሚለው። ስለዚህ የአማርኛው ክብ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የሚከበብ መሐልና የሚከብቡ ብዙዎች። ለብቻ መክበብ አይቻልም። ጋሼ ክብ የሚሠራው ሰው ነው ሲሉ ይህን ማለታቸው ነበር።

የቃሉን ቤተሰብ ብንቆጥር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ሰዎች በአንድ ፍላጎት ዙሪያ ሲሰባሰቡ «ክበብ» ይሆናሉ፤ የትምህርት ቤቱ የሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ የመሥሪያ ቤቱ የሠራተኞች መዝናኛ ክበብ፣ የእኛዋ የንባብ ክበብም ከዚሁ ነው። ጦር ሲሰባሰብ ደግሞ «ከበባ» ነው። የምንኖርበት፣ ዙሪያችንን ያለው ሁሉ «አካባቢ» ነው። ስንቶቻችን ነን በቀን ውስጥ «አካባቢ» የሚለውን ቃል ደጋግመን ስንጠራ ግሱን የምናስበው? አካባቢ ማለት የሚከበን፣ ያካበበን ማለት ነው። ሰፈር፣ ቀበሌ፣ ወረዳ የምንለው የመሬት ክፍል ነው፤ አካባቢ ግን ያለ እኔ አካባቢ አይሆንም፤ መሐሉ እኔ ነኛ!

ጆሮ ግን ያሳስታል። «ክብር» እና «ከበሮ» ለጆሮ የ«ክብ» ዘመዶች ይመስላሉ፤ ከበሮማ በቅርጹም ጭምር። ሆኖም ሥራቸው ከ-በ-ረ ነው፤ «ክብ» ሁለት በ ሲኖሩት እነርሱ አንድ በ እና አንድ ረ ይዘዋል። ወዳጄ «ክቡር ለማለት ፈልገህ ነው?» ብሎ የቀለደው በእነዚህ ሁለት ጎረቤት ሥሮች መካከል ባለችው ጠባብ ደጅ ሾልኮ ነው።

አማርኛ በዙሪያው ላሉት ቅርጾች ሁሉ «ክብ»ን አያበድርም። እንደ ኳስ ከየአቅጣጫው የተጠቀለለው «ድቡልቡል» ነው፤ ረዘም ያለው «ሞላላ» ነው። «ሉል» በግዕዝ ዕንቍ ነበር፤ በኋላ የምድርን ቅርጽ መጥሪያ ሆነና በእኛ ዘመን «ሉላዊነት» የሚል ትልቅ ቃል ወለደ። ፊት ክብ ይባላል፤ «ክብ ፊት ያላት ልጅ» ብንል ማንም አይስቅም፤ ፊት በጠጉርና በሻሽ የተከበበ ነውና። ሙሉ ገላ ግን ክብ አይባልም። ሕፃኑ ድንቡሽቡሽ ነው፤ ወፈር ያለው ሰው ሞላ ያለ፣ ደልደል ያለ፣ ከተቀየሙትም ቦርጫም ነው። የእኔ ዳኛ «ሞላ ያሉ» ቢባሉ ኖሮ ቤቱ ባልሳቀ ነበር።

*

ቃሉ እንዲህ ከሆነ ሕዝቡ ምን ሠራበት? ታሪኩን ከድንጋይና ከእንጨት ላይ ማንበብ ይቻላል።

የጥንቶቹ አብያተ ክርስቲያናት ክብ አልነበሩም። ደብረ ዳሞ ባለ አራት ማዕዘን ነው። የላሊበላ ውቅሮች ማዕዘናቸው በመዶሻና በመሮ የወጣ ነው፤ ቤተ ጊዮርጊስ እንኳ ከላይ ሲታይ መስቀል እንጂ ክብ አይደለም። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋለኞቹ ምዕተ ዓመታት በጣና ዙሪያ፣ በጎጃምና በጎንደር፣ ከዚያም በሸዋ ተስፋፋ። የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት አጠገብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም ክብ ናት፤ እቴጌይቱም በሥዕሉ ውስጥ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበት አገር ሕዝብ የሚኖረው በክብ ጎጆ ነበርና፣ እግዚአብሔርም ቤቱ የልጆቹን ቤት የመሰለለት ይመስላል።

ክቡ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ዙር አለው። የውጭው ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ደብተራው ከበሮና ጸናጽል ይዞ የሚያሸበሽብበት። ቀጥሎ ቅድስት አለ፤ ሕዝበ ክርስቲያን ቅዱስ ቍርባን የሚቀበልበት። ከሁሉ ውስጥ መቅደሱ አለ፤ ታቦቱ የሚያርፍበት። ታዲያ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ፤ ክቡን ሁሉ አልፈን መሐሉ ስንደርስ መቅደሱ አብዛኛውን ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። የተከበበው ነገር ክብ መሆን አያስፈልገውም ማለት ነው። የከበቡት ሰዎች ዙሪያውን ክብ ያደርጉታል። ሥነ ጽሑፍን ለምንወድ ደግሞ ሌላ ደስታ አለ፤ ከሦስቱ ዙሮች የሰፊውና የውጭኛው ስም የቅኔ ስም ነው። የዚህ አገር ግጥም ከጥንት ጀምሮ ቋሚ አድራሻ ነበረው፤ የመሐሉን ዝምታ ከቦ የሚዘምርበት ዙሪያ።

ጎጆውም እንዲሁ ነው። መሐሉ ላይ ምሰሶ ይቆማል፤ ማገሩና ወጋግራው፣ የጣራው እንጨትና ሣር ሁሉ ወደ እርሱ ያያል። «የቤቱ ምሰሶ» ማለታችን፣ አግብቶ ራሱን የቻለውን ወጣት «ጎጆ ወጣ» ማለታችን ከዚህ የወረስነው ነው፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የተከራየው ሙሽራ እንኳ ጎጆ ወጣ ይባላል። ሒሳቡም ከአባቶቻችን ጋር ነበር። ሃያ ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ ብቻ ቢኖረን፣ ባለ አራት ማዕዘን እኩል ቤት ብንሠራበት የወለሉ ስፋት 25 ካሬ ሜትር ነው፤ ክብ ብናደርገው ግን 32 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያው ጭቃና በዚያው እንጨት ከሩብ በላይ ትርፍ ቦታ! ነፋሱም ማዕዘን ስለማያገኝ ዞሮ ያልፋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ጥቅም እያለ ለምን ተተወ? አንዱ ምክንያት ቆርቆሮ ነው። ሣር እንደ ጣራው ይታጠፋል፤ ቆርቆሮ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ አራት ማዕዘን ነው፤ ክብ ጣራ ለመልበስ እየተቆረጠ ብዙ ይባክናል። ስለዚህ ቤቱ ክዳኑን መሰለ። ቁም ሣጥኑ፣ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ ተከተሉት።

ክብነት ከግድግዳው ቢወጣም ከማዕዱ አልወጣም። ምጣዱ ክብ ነው፤ ሊጡ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሐል ይፈስሳል፤ እንጀራው ክብ ሆኖ ወደ መሶቡ ይገባል። መሶቡ ተከፍቶ ቤተሰቡ ሲከበው ሁሉም ከፊቱ ይቆርሳል። በመሶብ ዙሪያ የወንበር ራስ የለም፤ ለአባት ክብር የሚሰጠው በመጀመሪያው ጉርሻ እንጂ በጠረጴዛው ጫፍ አይደለም።

ከግዕዝ የወረስነው ሌላው የዙሪያ ቃል «ዐውድ» ነው። ገበሬው እህሉን በበሬ የሚያሄድበት ክብ መሬት አውድማ ነው፤ ዞሮ የሚመጣው በዓል ዐውደ ዓመት ነው፤ ታቦት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር ዑደት ነው። የእኛ ዘመን ምሁራን ደግሞ ቃሉን ወስደው ለአንድ ንባብ ዙሪያ፣ ከፊትና ከኋላው ላለው ሐሳብ ሰጡት፤ «ቃሉን ከዐውዱ አትነጥለው» እንላለን። የእኔ ስሕተት በትክክል ይኸው ነበር። ዳኛውን ከዐውዳቸው ነጥዬ ክብ አልኳቸው።

*

ይሁን እንጂ ክብን ማሞገስ ብቻ እውነቱን ግማሽ ያደርገዋል። «ከበበ» የሚያቅፍ ግስ ነው፤ የሚያንቅም ግስ ነው።

በ1888 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ከዐድዋ ድል ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ የኢጣሊያ ጦር በሻለቃ ጋሊያኖ መሪነት መቀሌ ላይ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ተከበበ። ምሽጉ ጠንካራ ነበር፤ በፊት ለፊት ውጊያ ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያ ምሽጉ ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ ተያዘ፤ የዚህ ምክር ባለቤት እቴጌ ጣይቱ እንደሆኑ ታሪካችን ይመሰክራል። ሁለት ሳምንት ገደማ ውኃ የጠማው ጦር በመጨረሻ ምሽጉን ለቅቆ ወጣ፤ ዐፄ ምኒልክም መሣሪያውን ይዞ እንዲሄድ ፈቀዱለት። ይህ ከበባ ነው። ልብ በሉ፤ ግሱ መሶቡን ከከበበው ግስ አይለይም። አንዱ ዙሪያ መሐሉን ይመግባል፤ ሌላው ዙሪያ መሐሉን ያስጠማል። ልዩነቱ ያለው በከበቡት ሰዎች ዓይን ውስጥ ነው፤ መሐሉን ወድደው ያዩታል ወይስ ጠልተው?

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቼ የራሴን ከተማ ሳይ የማስበው ይህንኑ ነው።

የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። የስሙ ግማሽ የተወረሰው ከራዲዮ ነው፤ ሽቦ ሳይኖረው በነፋስ የሚነጋገረውን ያን አዲስ መሣሪያ የአገሬው ሰው «ንፋስ ስልክ» አለው፤ ጣቢያው የነበረበትም ሰፈር በዚያው ቀረ። ውኃ ላይ ጠጠር ሲጣል ማዕበሉ ክብ እየሠራ እንደሚሰፋ፣ የራዲዮው ድምፅም ከምሰሶው ተነሥቶ በክብ ይሰፋል። ከክፍለ ከተማው በሌላው ጫፍ ደግሞ ሣር ቤት አለ። በሣር የተከደነ ቤት የሚታይበት ዘመን አልፎ ፎቁ ቢበዛም፣ ስሙ የክቡን ጎጆ ክዳን እስከ ዛሬ ተሸክሞ ይኖራል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ባለ ጉልላት አዳራሽ ይታያል። ከሣር ክዳን እስከ ጉልላት ያለው ርቀት በእግር የአጭር ጉዞ ነው፤ በታሪክ ግን መቶ ዓመት።

እዚያው ሣር ቤት ያለው አደባባይ የሩስያው ባለቅኔ የፑሽኪን ስም አለው። የእናቱ አያት አብርሃም ጋኒባል ከአፍሪካ ወደ ሩስያ ቤተ መንግሥት የገባ ሰው ነበር፤ የትውልድ አገሩ ሊቃውንትን ቢያከራክርም የእኛ ሰው «ዘመዳችን ነው» ይላል። አደባባይ ለገጣሚ መሰጠቱ ያስደስተኛል። ነገር ግን «አደባባይ» የሚለው ቃል ራሱ ምን እንደ ደረሰበት ባሰብኩ ቁጥር ደስታዬ ይቀንሳል።

አደባባይ ማለት ንጉሡ ወይም ዳኛው ለፍርድ የሚቀመጥበት፣ ተበዳይ የሚጮኽበት፣ ሕዝብ ከቦ የሚሰማበት ግልጽ ስፍራ ነበር። «አደባባይ ወጣ»፣ «የአደባባይ ሰው» የምንለው ከዚያ ነው። መኪና በበዛበት ዘመን ግን ቃሉ መኪና ለሚዞረው ክብ ተሰጠ። መሐሉ ላይ ሣር ወይም ሐውልት ይቀመጣል፤ ሰው ግን ወደ መሐሉ አይገባም፤ ቢገባም ትራፊክ ያስወጣዋል። መክበቡ ቀርቶ መዞር ብቻ ቀረ። አሁን ደግሞ ብዙዎቹ በመብራት እየተተኩ ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የቀላል ባቡር ግንባታ የቀድሞ ክብ መልኩን አጥቷል፤ ታክሲው ረዳት ግን ዛሬም «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጠራል። ያ ስም የተሰጠው ሜክሲኮ የኢጣሊያን ወረራ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። እነርሱም በበኩላቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አገራቸውን በጎበኙበት በ1946 ዓ.ም. በዋና ከተማቸው አንድ አደባባይ በኢትዮጵያ ስም ሰየሙ፤ በኋላ በሥፍራው የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም «ኢትዮጵያ» ይባላል፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ሁለት ሩቅ አገሮች አንዳቸው የሌላቸውን ስም መሐል አድርገው ሲዞሩ መኖራቸው ከመንገድ ሥራ የሚበልጥ ነገር ነው። ስሙ ከክቡ በላይ ዕድሜ አገኘ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ቀለበት መንገድ መጣ። ቀለበት በጣት ላይ ቃል ኪዳን ነው። በከተማ ላይ ግን፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ መውጫ በእግሩ የሚሄድ ሰው እንደሚያውቀው፣ ለመኪናው ዙሪያ ሲሆን ለእግረኛው አጥር ሆነ። ከማዶ ያለውን ጎረቤት ለመጠየቅ መሻገሪያ ድልድይ መፈለግ ግድ ነው። ክብ መሆኑ አልጠፋም፤ ማንን መሐል እንዳደረገ ግን ይጠየቃል።

ባንክ ቤት የምሠራ ሰው ነኝና ስለ አንድ ሌላ ክብ ሳልናገር አላልፍም። በዚህ ከተማ ዛሬ ከሁሉ የሚፈራውና የሚከበረው ክብ፣ ክብ ማኅተም ነው። ቲተር ብቻ ያለበት ደብዳቤ ተመላሽ ነው፤ «ክብ ማኅተም አስደርገህ ና» ይባላል። ሰውየው ራሱ መስኮቱ ፊት ቆሞ፣ መታወቂያውን ዘርግቶ፣ «እኔ ነኝ» እያለ፣ እኔ ግን ሰውየውን ትቼ ክቡን እፈልጋለሁ። ጥንት ሰው የሚታመነው በሚከብቡት ሰዎች ነበር፤ ዋስ፣ ሽማግሌ፣ ጎረቤት። ያ ሁሉ ምስክር ተጨምቆ አሁን በሁለት ጣት ስፋት ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ገብቷል። ሥራዬን አልነቅፍም፤ ባንክ ያለ ማኅተም አይሠራም። ሆኖም በቀን ስንት ጊዜ ያንን ክብ ስመለከት መሐሉ ላይ ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

*

ይህን ጽሑፍ ለመጨረስ ስቸገር ሳለሁ አንድ ቀን ከቀድሞ ጎረቤታችን ጋር መንገድ ላይ ተገናኘን። አሮጌው ሰፈራችን ሲነሣ ሌላ ጫፍ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው እናት ናቸው። በልጅነቴ ቡናቸው ሲቆላ ግቢው ሁሉ ይከባቸው ነበር፤ ጭሱን እያራገብን ፈንዲሻ የምንጠብቅ ልጆችም ነበርንበት።

«እትዬ፣ አዲሱ አካባቢ ተስማማዎት?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና፣ «ቤቱስ ጥሩ ነው ልጄ፤ ውኃም መብራትም አለው። የሚከበኝ ሰው ነው ያጣሁት» አሉኝ።

መዝገበ ቃላት ገልጠው አያውቁም። ግን የአለቃ ኪዳነ ወልድን ሥራ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሠሩት፤ ቅጽሉን ትተው ወደ ግሱ ተመለሱ። እኔ «አካባቢ» ስል ሕንፃውን፣ መንገዱን፣ ሱቁን አስቤ ነበር፤ እርሳቸው ግን የሚከበውን ሰው አሰቡ። ቃሉን በትክክል የተረዱት እርሳቸው ናቸው። ከተማ ሲታደስ፣ መንገድ ሲሰፋ፣ ቤት ሲነሣ የምንቆጥረው ካሬ ሜትሩን ነው፤ ካሬ በባሕርዩ ለቆጠራ ይመቻል። ክቡን ግን ማን ይቆጥረዋል? በየትኛው ካርታ ላይ ይሠፍራል? ካሣውስ ስንት ነው?

ስለዚህ ከሳቁ ያተረፍኩት ይህ ነው። ክብ፣ ለብቻው ተቀምጦ የሚሞላ የቅርጽ ስም አይደለም፤ ሰዎች አንድን ነገር መሐል አድርገው ሲቆሙ የሚሠሩት፣ ሲበተኑ አብሮ የሚጠፋ ሥራ ነው። ግድግዳው አራት ማዕዘን መሆኑ ብዙም አይጎዳም፤ መቅደሱም አራት ማዕዘን ነውና። የሚጎዳው ዙሪያው ባዶ ሲሆን ነው። «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ይላሉ አበው፤ ከመሬቱ በፊት ግን ቤቱ ውስጥ የሚከበን ሰው ይኑር።

ልቦለዱን አርሜ ለክበባችን መልሼ አንብቤዋለሁ። ዳኛው አሁን «ሞላ ያሉ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሰው» ሆነዋል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከራሴ ጨመርኩ፤ ተርጓሚ እንዲህ ማድረግ እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ይቅር በሉኝ። «ዳኛው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ሕዝቡም ከበባቸው» አልኩ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ጋሼም መነጽራቸውን አደረጉና «አሁን ክብ ሆኑ» አሉ።

ጎጆዬ ክብ ነበር፣ ማዕዘን የሌለበት፣
ኩርፊያ ቢገባ እንኳ፣ ጥግ የሚያጣበት፤
ዛሬ ቤቴ ሰፍቶ፣ አራት ጥግ ቢኖረው፣
በየጥጉ ቆመን፣ መሐሉ ባዶ ነው።